ሮክን በባንጆ፦ ቀልዱ ማን ላይ ነው?

እስቲ ስሙን ጮክ ብላችሁ አንብቡት፦ ሄይሲድ ዲክሲ። ከአውስትራሊያው የሮክ ባንድ ከኤሲ/ዲሲ ጋር አይመሳሰልም? ቀልዱ የሚጀምረው እዚህ ጋ ነው።

አሜሪካውያኑ እ.ኤ.አ. በ2001 ባወጡት የመጀመሪያ አልበማቸው የኤሲ/ዲሲን ዘፈኖች በብሉግራስ፣ ማለትም በባንጆ፣ በማንዶሊንና በቫዮሊን በሚደምቀው የገጠር ሙዚቃ ተጫወቷቸው። ስለራሳቸውም ተረት ፈጠሩ፦ መንደራችን ውስጥ መኪናው ከተጋጨበት እንግዳ ሸክላ አገኘን፤ የገጠር ዘፈን መስሎን አጠናነው!

"ገጠሬ ምን ያውቃል" የሚለውን ንቀት የተቀበሉ መስለው መልሰው ይስቁበታል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፤ ከባንዱ ጋር ባንጆና ማንዶሊን የተጫወቱት ወንድማማቾች የዝነኛው ባንጆ ተጫዋች የዶን ሬኖ ልጆች ናቸው። ጣታቸው አይቀልድም።

እኛ በሳቅ ጀምረን በአድናቆት ጨረስን። "ሃይዌይ ቱ ሄል"ን ከሁለቱም ባንዶች ስሙና እናንተ ፍረዱ።