ነርሷ በር ስታንኳኳ ስንት ብር ይተርፋል?

መርካቶ ውስጥ ሱቅ ያለው ዘመድ ካለዎት ይህችን ጥያቄ ሳይሰሙ አልቀሩም፦ «እኔ ሐኪም ቤት ብሄድ ሱቁን ማን ይከፍትልኛል?» አክስቴ በርበሬና ቅመማ ቅመም ስትነግድ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗታል። ራሷን ባመማት ቁጥር መልሷ ይኸው ነበር። ሻሿን ጠበቅ አድርጋ ታስራለች፣ ዳማከሴ ታሸታለች፣ ቡናዋን ትጠጣለች፣ ከዚያ ወደ ሥራዋ።

አንድ ቀን ጠዋት ገና ከቤት ሳትወጣ በሩ ተንኳኳ። በየቤቱ የምትዞር የከተማ ጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ናት፤ ቦርሳ ያነገተች ወጣት ነርስ። አክስቴ «ልጄ፣ እኔ ደህና ነኝ፤ ቸኩያለሁ» አለቻት። ነርሷም «እትዬ፣ አምስት ደቂቃ ብቻ» ብላ አስቀመጠቻትና ግፊቷን ለካች። 170 ለ100። ትንሽ አሳርፋ ደግማ ለካች፤ ለውጥ የለም። ሳታስደነግጣት ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄድበትን ወረቀት ጽፋ ሰጠቻት።

እኔ የተማርኩት ቢዝነስ፣ ሥራዬም ማርኬቲንግ ነው። ስለዚህ ሕክምናውን ለባለሙያዎች ትቼ ዛሬ ስለ ሂሳቡ ላውራዎት። ያቺ አምስት ደቂቃ ለቤተሰባችን ምን ያህል እንዳተረፈች የገባኝ ዘግይቶ ነው።

ደረሰኝ የማይቆረጥለት ወጪ

ሰው ሲታመም ቤተሰብ የሚቆጥረው የካርዱን፣ የምርመራውንና የመድኃኒቱን ብር ነው። ሌላው ወጪ ደረሰኝ የለውም፦ የተዘጋው ሱቅ፣ ወደ ጎረቤት የዞረው ደንበኛ፣ ከሥራው ቀርቶ የሚያስታምመው ልጅ። የጤና ኢኮኖሚ ባለሙያዎች ሁለቱን ደምረው ነው የሚያዩት። እኛም እንደዚያው ብናይ ይበጀናል።

ከአክስቴ ሱቅ ጥቂት በሮች አለፍ ብለው ይነግዱ የነበሩ አንድ አባት ግፊት እንዳለባቸው ያወቁት ስትሮክ ግራ ጎናቸውን ከያዘው በኋላ ነው። መጀመሪያ የእቁቡ ብር ወጣ። ቀጥሎ ሱቅ ውስጥ ያለው ዕቃ በርካሽ ተሸጠ። በመጨረሻ ሱቁ ራሱ ለሌላ ሰው ተላለፈ። ትልቁ ልጃቸው ትምህርቱን አቋርጦ አባቱን ያጥባል፣ ያገላብጣል። የቤቱ ኪሳራ ከሆስፒታሉ ሂሳብ እጅግ ይበልጣል።

እኚህ አባት ብቻቸውን አይደሉም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 እንዳስታወቀው ዕድሜያቸው ከ30 እስከ 79 ከሆኑት የዓለም ሰዎች 1.28 ቢሊዮን ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት አለባቸው። ከእነዚህ 46 በመቶ የሚሆኑት ችግሩ እንዳለባቸው እንኳ አያውቁም። ግፊት ብዙ ጊዜ ምልክት አይሰጥም፤ እስኪለካ ድረስ ዝም ብሎ ይቀመጣል።

ከገጠር ወደ ከተማ የመጣ ሐሳብ

ሐሳቡ የተጀመረው በገጠር ነው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በየቀበሌው ሁለት ሁለት ባለሙያዎችን መደበ። አብዛኞቹ 10ኛ ክፍል ጨርሰው አንድ ዓመት የሠለጠኑ፣ ደመወዝ የሚከፈላቸው ሴቶች ናቸው። ቁጥራቸው ከ30,000 በላይ ደረሰ። ክትባትን፣ የቤተሰብ ምጣኔንና ንጽሕናን እደጅ ድረስ ወሰዱ።

በ2002 ዓ.ም. ሐሳቡ ወደ ከተማ ሲመጣ ሥራው በዲፕሎማ ለተመረቁ ነርሶች ተሰጠ። በሦስት ወር ተጨማሪ ሥልጠና ተዘጋጅተው አንዷ ነርስ 500 ያህል ቤተሰብ እንድትከታተል ታሰበ። አዲስ አበባ በኋላ ደግሞ የቤተሰብ ጤና ቡድንን ሞከረች። ከጤና ጣቢያ የሚወጣው ቡድን ቤተሰቦችን በኑሯቸውና በጤና ችግራቸው ለይቶ፣ አቅም ያነሰውንና ሕመም ያለበትን አስቀድሞ ይጎበኛል።

ይህን እንደ ነጋዴ ያስቡት። ሆስፒታል አልጋ ላይ የተኛ ሰው ሐኪም፣ ነርስ፣ ላቦራቶሪ፣ መድኃኒትና አስታማሚ ሌት ተቀን ይፈልጋል። በር የምታንኳኳው ነርስ የያዘችው የግፊት መለኪያ፣ መዝገብና ጊዜዋን ነው። ከአምስት መቶው ቤት ጥቂቱን እንኳ ከስትሮክ ብታተርፍ ትርፉ ለመንግሥትም ለቤተሰብም ነው።

ሀብታም አገሮችም ወደዚሁ መንገድ እየመጡ ነው። ኔዘርላንድስ ውስጥ ዮስ ደ ብሎክ የተባለ ነርስ እ.ኤ.አ. በ2006 «ቡርትዞርግ» የተባለ የቤት ለቤት አገልግሎት መሠረተ። ቢበዛ 12 የሚሆኑ ነርሶች በአንድ ሰፈር ይመደባሉ፤ አለቃ ሳይሾምባቸው ሥራቸውን ራሳቸው ይመራሉ። በአንድ ቡድን የተጀመረው ሥራ ዛሬ በሺዎች የሚቆጠሩ ነርሶች አሉት።

እድር ለቀብር፣ መድን ለሕክምና

የመርካቶ ሰው እቁብና እድር አያስተምሩትም፤ እሱ ነው የሚያስተምረው። ማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድንም የተሠራው ከዚሁ ሐሳብ ነው፦ ሁሉም ጤነኛ ሳለ ያዋጣል፣ የታመመው ይታከምበታል። በ2003 ዓ.ም. በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይና በደቡብ ክልሎች በ13 ወረዳዎች ተሞከረ፤ አዲስ አበባም ቆይታ ገባችበት። በተለይ የወር ደመወዝ ለሌለው፣ እንደ አክስቴ በራሱ ሥራ ለሚተዳደር ቤተሰብ የተዘጋጀ ነው። መዋጮው በዓመት አንድ ጊዜ ይከፈላል፤ ሕክምናው ከጤና ጣቢያ ይጀምርና ሲያስፈልግ በሪፈር ወደ ሆስፒታል ያልፋል።

ሁሉም ነገር አልጋ በአልጋ ነው አልልዎትም። አክስቴ የመድን ደብተሯን ይዛ ሄዳ «መድኃኒቱ አልቋል» ተብላ ከግል ፋርማሲ የገዛችበት ወር አለ። ተናዳ «ሁለተኛ አላሳድስም» አለች። ቁጭ ብለን ስንደምረው ግን ያንን ወር ጨምሮ እንኳ ከመዋጮዋ በላይ ታክማ ነበር። አሳደሰች።

ቤት ከሌሉ፣ ሱቅ ድረስ

ትልቁ ችግር ሌላ ነው። የመርካቶ ሰው ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ማታ ይገባል፤ ነርሷ ስታንኳኳ የምታገኘው የተቆለፈ በር ነው። አክስቴም ግፊቷ ሲወርድላት «ድኛለሁ» ብላ ኪኒኑን ትታው ነበር። ነርሷ ሁለት ጊዜ መጥታ አጣቻት። በሦስተኛው ስልክ ደወለችና «እትዬ፣ የት ላግኝዎት?» አለቻት። «ሱቅ ነይ!» አለቻት አክስቴ፣ የምትመጣ ሳይመስላት።

መጣች። በርበሬ ጆንያ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ለካቻት፤ ግፊቱ ተመልሶ ወጥቷል። የኪኒኑን ማሸጊያ አስወጥታ የቀረውን ቆጠረች። «እትዬ፣ የግፊት መድኃኒት ሐኪም ሳያዝ አይቋረጥም» አለቻት። በዚያው ጎረቤቱ ሁሉ እጅጌውን እየሰበሰበ ተሰለፈ። ተሸካሚው፣ የጨርቅ ነጋዴው፣ ሻይ የምታዞረው ልጅ። ከመካከላቸው ሁለቱ የሪፈር ወረቀት ይዘው ሄዱ።

እኛ በማርኬቲንግ ደንበኛው ያለበት ድረስ ሂዱ እንላለን። ያቺ ነርስ ይህንን ያደረገችው ማንም ሳይነግራት ነው።

ከዚህ ወር ጀምሮ

የቤተሰብዎን አዋቂዎች ግፊት ያስለኩ። በተለያየ ጊዜ ተለክቶ 140 ለ90 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ጨው ይቀንሱ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በቀን ከ5 ግራም በታች ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። የመድን እድሳት ጊዜዎን ከወረዳዎ ጠይቀው እንደ እቁብ ቀን ይያዙት። የሰፈርዎን ነርስ ስልክ ይመዝግቡ፤ የእርስዎንም ይስጧት፤ ቤት ከሌሉ የሚገኙበትን ቦታ ይንገሯት።

አክስቴ ዛሬም በርበሬዋን ትሸጣለች። ኪኒኗ ከገንዘብ ሳጥኗ አጠገብ ነው፤ ጠዋት ሱቅ ስትከፍት መጀመሪያ የምታነሳው እሱን ነው።