ባሕር በአውድማ ላይ

ትምህርት ማለት ፊደል መቁጠር ብቻ አይደለም። ያላዩትን ነገር በልብ ማየትም ትምህርት ነው። በጣቢያችን የሆነውን ልንገራችሁ።

ከሰዓት በኋላ እረኞችን አስተምር ነበር። አንድ ቀን «ባ» ላይ ደረስን። «ባሕር» ብዬ ጻፍኩ። ልጆቹ ዝም አሉ። ከወንዝ በቀር ትልቅ ውኃ አላዩም። «እንግዲያው ባሕሩን እንሥራው» አልኳቸው።

አውድማው ላይ 60 ክንድ ገመድ ዘረጋን። ይህም 30 ሜትር ያህል ነው። ሰማያዊው ዓሣ ነባሪ ይህን ያህል ሊረዝም ይችላል። ክብደቱም ከ1,000 ኩንታል ሊበልጥ ይችላል። በገመዱ ዙሪያ አመድ ነስንሰን ሣልነው። ጭራው ከአውድማው አልፎ ሣሩ ላይ ወጣ። ስሙ ዓሣ ይባል እንጂ ዓሣ አይደለም። እንደ ላም ይወልዳል፤ ያጠባል። ለመተንፈስም ከውኃው በላይ ብቅ ይላል። ልጆቹ ግልገሉን በጭቃ ሠሩለት። አንዷም ባለ ስምንት እጁን ኦክቶፐስ በከሰል ሣለች። ሦስት ልብ አለው ብላቸው ሳቁ።

በዚህ መሐል የአንዱ ልጅ አባት መጡ። ተቆጥተዋል።

«እኔ የላክሁት ፊደል እንዲቆጥር ነው። አመድ መነስነስማ ቤቱም አለ። ከነገ ጀምሮ ከብቱን ይጠብቅ! ለመሆኑ አንተ ባሕር አይተሃል?» አሉኝ።

«አላየሁም አባቴ» አልኩ። አፈርኩ።

ልጃቸው ግን ሮጦ ከቤት የአሞሌ ስባሪ አመጣ። በቅል ውኃ አሟሟና «አባባ፣ ይቅመሱት። ባሕር ጣዕሙ እንዲህ ነው» አለ።

አባትየው ቀመሱ። ልጁም ያስተማርኩትን ነገራቸው። አሞሌ የሚቆረጥበት የአፋር ዝቅተኛ ሜዳ በጥንት ዘመን የቀይ ባሕር ውኃ ይገባበት ነበር። በኋላ መግቢያው ተዘጋ። ፀሐይ ውኃውን አደረቀችው፤ ጨው ቀረ።

«ታዲያ ባሕሩን በየቀኑ ስንልሰው ኖረናላ!» አሉ አባትየው።

ከዚያ ከዓሣ ነባሪው ራስ እስከ ጭራው በእግራቸው ለኩ። «እስቲ ስሙን ጻፈው» አሉት። ልጁ በዱላው አመዱ ላይ «ዓሣ» ብሎ ጻፈ። ብቻውን የጻፈው የመጀመሪያ ቃል ነው። አባትየውም ማታ ማታ ይማራሉ። ጎንበስ ብለው ፊደሉን በጣታቸው ተከተሉት።

ልጁን ከትምህርት አላስቀሩትም። ከብቱን ከጎረቤት ጋር በተራ ማስጠበቅ ጀመሩ።

ወላጆች ሆይ! ልጅ ሲሥል ሥራ ፈታ አትበሉ። ከሰል፣ አመድና ጭቃ በየቤታችን አለ። «ይህ ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁት። ከሥሩ ስሙን ያጽፉት። እናንተም አብራችሁ ጻፉ።