ስለ ወንድነት ድካም ባልና ሚስት ሊያውቁት የሚገባ ነገር

«በሽታውን የደበቀ መድኀኒት የለውም» ሲሉ አባቶቻችን መናገራቸው የታወቀ ነው። ዳሩ ግን ራሱን ወይም ሆዱን ባመመው ጊዜ ለጎረቤቱ ሳይቀር የሚናገር ሰው፣ የወንድነት ድካም ባገኘው ጊዜ ለሐኪም እንኳ መናገር ያፍራል። ባል ከማፈሩ የተነሣ ዝም ይላል፤ ሚስትም ዝምታውን አይታ ፍቅሩ የቀዘቀዘ ወይም ልቡ ወደ ሌላ የሄደ ይመስላታል። እንዲህም እየሆነ ሊድን በሚችል ሕመም ምክንያት ትዳር ይፈርሳል። ስለዚህ ነገሩ የሚያሳፍር ቢመስልም በዚህ ገጽ በጨዋ ቃል ልንገልጠው ወደድን።

የወንድነት ድካም ማለት ለሩካቤ የሚያስፈልገው የወንድ አባል መቆም ሲያቅተው፣ ወይም ቆሞ እስከ ፍጻሜ መጽናት ሲሳነው ነው። በሥራ ድካም፣ በሐዘን ወይም በመጠጥ ምክንያት አንድና ሁለት ቀን ቢደርስ በሽታ አይባልም፤ ለወራት እየተመላለሰ ሲመጣ ግን ሕክምና የሚያስፈልገው ሕመም ነው። መካንነትም ከዚህ የተለየ ነገር ስለ ሆነ ሁለቱን አንድ አድርጎ መቍጠር አይገባም።

በዚህ ጽሑፍ የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት ከ1987 እስከ 1989 ዕድሜያቸው ከ40 እስከ 70 ዓመት የሆኑ ወንዶች ተጠይቀው ነበር። በ1994 በታተመው ውጤት ከመቶው 52 የሚሆኑት፣ ብዙም ይሁን ጥቂት፣ ይህ ድካም እንዳለባቸው ታወቀ። እንግዲህ ብቻዬን ነኝ ብሎ የሚያዝን ሁሉ ባልንጀሮቹ ብዙዎች መሆናቸውን ይወቅ።

ይህን ሕመም አንዱ መተት ነው ይላል፤ ሌላውም ዓይነ ጥላ ነው ይላል። ነገር ግን የሰውነታችንን አሠራር የተመለከተ ሰው ምክንያቱን ያገኘዋል። ሰው ፈቃድ ባደረበት ጊዜ ከአንጎሉ የሚነሣው መልእክት በነርቭ ወርዶ ከአባሉ ይደርሳል። በዚያም ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ረቂቅ ጋዝ ይወጣና የደም ሥሮቹን ያላላቸዋል፤ ደምም በብዛት ይገባል፤ የመመለሻው መንገድ ስለሚጠብም ደሙ በዚያው ይቈያል። ይህ ጋዝ በደም ሥር ውስጥ ያለውን አገልግሎት የገለጡት ሮበርት ፈርችጎት፣ ሉዊስ ኢግናሮና ፈሪድ ሙራድ በ1998 የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል።

እንግዲህ ከአንጎል፣ ከነርቭና ከደም ሥር አንዱ ቢታወክ ሥራው ሁሉ ይሰናከላል። የስኳር በሽታ ነርቭንም የደም ሥርንም ይጎዳል። የደም ግፊት፣ በደም ውስጥ የሚበዛ ስብ፣ ትምባሆና ከልክ ያለፈ ውፍረትም የደም ሥርን ያበላሻሉ። ቴስቶስቴሮን የተባለው የወንድነት ሆርሞን ማነስ፣ በፕሮስቴት ዕጢ ላይ የሚደረግ ቀዶ ጥገናና የመጠጥ ብዛትም ምክንያት ይሆናሉ። ለደም ግፊትና ለመንፈስ ጭንቀት ከሚሰጡት መድኀኒቶች አንዳንዶቹም ይህን ያመጣሉ፤ ስለ ሆነም ሐኪም ይለውጣቸዋል እንጂ በሽተኛው በገዛ እጁ ሊያቋርጣቸው አይገባም። የሐሳብና የጠብም ኀይል ቀላል አይደለም፤ አንድ ጊዜ ያቃተው ሰው ዳግመኛ ያቅተኛል ብሎ ሲፈራ ፍርሀቱ ራሱ በሽታ ይሆንበታል። በንጋት ከእንቅልፉ ሲነቃ አባሉ እንደ ወትሮው የሚቆምለት ሰው እንደ ሆነ፣ ምክንያቱ ከሥጋ ይልቅ ከሐሳብ ሊሆን ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ ልናስተውለው የሚገባው የሚከተለው ነው። ወደ አባሉ ደም የሚያመላልሱት ሥሮች ስፋት 1 ወይም 2 ሚሊሜትር ያኽል ሲሆን የልብ ሥሮች ግን 3 ወይም 4 ሚሊሜትር ያኽላሉ። የደም ሥር መጥበብ በመላው ሰውነት ሲጀምር በቀጭኑ ሥር አስቀድሞ ይታወቃል። ስለዚህ ይህ ድካም የልብ በሽታ ከመገለጡ ከ2 እስከ 5 ዓመት ቀድሞ ሊታይ ይችላል። እንግዲህ ባል በማፈር የሚደብቀው ነገር፣ ሕይወቱን ለማዳን የተላከ ማስጠንቀቂያ ሊሆን ይችላልና ዝም ማለት ከትዳር በላይ ነፍስንም ያስከፍላል።

ሐኪም ዘንድ የሄደ ሰው ስለ ኑሮው ይጠየቃል፤ የደም ግፊቱ ይለካል፤ ስኳሩ፣ የደሙ ስብና፣ አስፈላጊ ሲሆንም ሆርሞኑ ይመረመራል። የመጀመሪያው መድኀኒት ኑሮን ማስተካከል ነው። በ2004 በታተመ በኢጣልያ የተደረገ ጥናት፣ ይህ ድካም ካለባቸው 110 ወፍራም ወንዶች ግማሾቹ ሁለት ዓመት ያኽል አመጋገባቸውን አስተካክለው ሰውነታቸውን እንዲያንቀሳቅሱ ተደረገ፤ ከእነዚህም ከሦስቱ አንዱ የሚያኽሉት ጤናማ ኀይላቸውን መልሰው አገኙ።

ሲልዴናፊል የተባለው መድኀኒት የፋይዘር ኩባንያ ባለሙያዎች በእንግሊዝ አገር በሳንድዊች ከተማ ለልብ ሕመም ሲያጠኑት ሳለ ለዚህ ድካም የሚረዳ ሆኖ የተገኘ ነው። በአሜሪካም በመጋቢት 1998 ተፈቀደ። የደም ሥር እንዲላላ ይረዳል እንጂ ፈቃድን አይፈጥርም። ለደረት ውጋት ናይትሮግሊሰሪንን ወይም እርሱን የመሰለ መድኀኒት የሚወስድ ሰው ግን ከቶ ሊወስደው አይገባም፤ ሁለቱ ሲገናኙ የደም ግፊትን እስከ ሞት ያወርዳሉና። አባሉ ከ4 ሰዓት በላይ ቆሞ የቀረበት ሰውም ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት ይሂድ። ይህ መድኀኒት ላልረዳቸው ደግሞ መርፌ፣ ደም የሚስብ መሣሪያና ቀዶ ጥገና አለላቸው።

በስውር ከሚሸጠው ኪኒንና «ኀይል ይሰጣል» ተብሎ ከሚቀርበው የማር ቅመም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ከእነዚህ በአንዳንዶቹ ውስጥ በመጠቅለያው ላይ ያልተጻፈ ሲልዴናፊል ተደባልቆ መገኘቱን የአሜሪካ የምግብና የመድኀኒት ባለ ሥልጣን ደጋግሞ አስታውቋል። ልቡን የሚታመም ሰው ሳያውቅ ቢበላው ምን እንደሚደርስበት ከላይ ተናግረናል።

ለሚስቶችም የምንለው አለን። የባልን ድካም በስድብ ወይም በጥርጣሬ መቀበል ፍርሀቱን ያበዛበታል እንጂ አይፈውሰውም። ባልም ሚስቱን በዝምታ ከማራቅ ይልቅ «ይህ ነገር አገኘኝ» ብሎ ቢነግራት ግማሹን ሸክም አቀለለ ማለት ነው። ከዚያም ሁለቱ ተያይዘው ወደ ሐኪም ቢሄዱ ሐኪሙ የሁለቱንም ቃል ሰምቶ ምክንያቱን በቶሎ ለማግኘት ይረዳዋል። ይህን ምክራችንን ያነበበ ባል ሳይውል ሳያድር የደም ግፊቱንና ስኳሩን ያስመርምር።