በሰው አገር የወደቁ የአይሁድ ወታደሮች

ከገዳሪፍ ተነሥቶ በዶካ በኩል ወደ ገላባትና መተማ የሚዘልቀው መንገድ ስንቱን ጦር እንዳሳለፈ ታውቃላችሁ። ጥቁር አፈሩ በክረምት ጭቃ ሆኖ መኪና ይውጣል፤ በበጋ ተሰነጣጥቆ ያደናቅፋል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ መጋቢት 1 ቀን 1881 ዓ.ም. በመተማ የቆሰሉበትን ውጊያ የዘነጋ የለም። ዛሬ የምናነሣቸው ግን ስማቸው እምብዛም የማይጠራውን ነው።

ፋሽስት ኢጣልያ ሰኔ 27 ቀን 1932 ዓ.ም. ከሰላንና ገላባትን ያዘ። ጥቅምት 27 ቀን 1933 ዓ.ም. ብርጋዴር ዊልያም ስሊም ገላባትን ቢያስለቅቅም መተማን መያዝ ተስኖት አፈገፈገ። በዚያው ሰሞን በፍልስጥኤም 51ኛው የመካከለኛው ምሥራቅ ኮማንዶ ተቋቋመ። አዛዡ ሌተና ኮሎኔል ሄንሪ ኬተር ሲሆን፣ አብዛኛው ወታደር አይሁዳዊ፣ የቀረው ዐረብ ነበር። ዛሬ ይህን የሚሰማ ይደነቅ ይሆናል፤ በአንድ ምሽግ አብረው አድረዋል። ከአይሁዶቹ ብዙዎቹ ከጀርመንና ከኦስትሪያ የሂትለርን ግፍ ሸሽተው የመጡ፣ ዘመዶቻቸውን በጠላት እጅ ትተው የወጡ ነበሩ። በሱዳን በኩል ዘልቀው በከረን ተራሮች ተዋጉ፤ ከረን መጋቢት 18 ቀን 1933 ዓ.ም. ከተያዘች በኋላም በአምባ አላጌ ተሰለፉ። የወደቁት ወደ እናቶቻቸው ቤት አልተመለሱም።

አብርሃም አካቪያ ደግሞ የኦርድ ዊንጌት ጸሐፊና ረዳት ሆኖ በጎጃም ዘመቻ ተሳትፏል።

በእንግሊዝ የጦር መካነ መቃብሮች ልማድ የክርስቲያኑ ድንጋይ መስቀል፣ የአይሁዱ የዳዊት ኮከብ ይቀረጽበታል፤ መጠኑ ግን የመኮንኑም የተራ ወታደሩም አንድ ነው። ይህን ሥርዓት እናደንቃለን።

ባለቤቶቻችንን የሚመለከት አንድ ነገር እንጨምር። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት (1861–1865 እ.ኤ.አ.) አይሁዶች በሁለቱም ወገን ተዋግተዋል። በሪችመንድ ከተማ አይሁዳውያት እመቤቶች በ1866 እ.ኤ.አ. ማኅበር መሥርተው የደቡቡን ሟቾች መቃብር ተንከባከቡ፤ የብረት አጥሩም በጠመንጃና በሰይፍ ቅርጽ ተሠራ። ሟቾቹ የተዋጉለት ወገን ባርነትን ለማስጠበቅ የቆመ ስለ ነበር ዓላማውን አናወድስም፤ የሴቶቹን ትጋት ግን እናከብራለን።

ከከረን ውጊያ ዐሥርተ ዓመታት በኋላ ቤተ እስራኤላውያን ከጎንደርና ከትግራይ ተነሥተው በእግራቸው ወደ ገዳሪፍ አቅራቢያ ወደ ኡም ራኩባ ተጓዙ። በመንገድና በመጠለያ ወደ 4,000 የሚጠጉ አለቁ፤ አብዛኞቹ ሕፃናትና ሽማግሌዎች ነበሩ። መታሰቢያቸው በኢየሩሳሌም፣ የእስራኤል ወታደሮች በሚያርፉበት በሄርዝል ተራራ፣ በ1999 ዓ.ም. ተመርቋል። የኡም ራኩባ መጠለያም በ2013 ዓ.ም. ለሌሎች ስደተኞች ዳግም ተከፈተ።

በቤተሰባችሁ በመተማ ወይም በከረን ግንባር የተሰለፈ አያት ያላችሁ፣ ስሙንና የወደቀበትን ስፍራ ጽፋችሁ ላኩልን፤ በዚሁ ዓምድ እናወጣዋለን።