ሁሉም ፈንግል አይደለም

በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ ዶሮ በድንገት ሲያልቅ «ፈንግል ገባ» ይባላል። የተከተቡት ሲሞቱ ደግሞ ክትባቱ ይታማል፤ ያለ ጥፋቱም ሊሆን ይችላል። አዴኖቫይረስ የሚያመጣው የጉበት በሽታ በተለይ ከ3 እስከ 7 ሳምንት የሆናቸውን የሥጋ ዶሮዎች ይገድላል፤ ሞቱ በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን ከፍ ብሎ ብዙውን ጊዜ በሳምንት ውስጥ ይበርዳል። ከእናት ዶሮ በዕንቁላል ስለሚተላለፍ፣ የተገዙ ጫጩቶች ይዘውት ሊመጡ ይችላሉ።

የሞተው ሲከፈት ጉበቱ አብጦ፣ ገርጥቶ፣ የደም ነጠብጣብ ይዞ ይገኛል። ይህ ያስጠረጥራል እንጂ አያረጋግጥም። ስለዚህ የእንስሳት ሐኪሙ ከጉበቱ ጥቂቱን በፎርማሊን፣ ጥቂቱን በበረዶ አድርጎ ወደ ላቦራቶሪ ይልካል፤ ለእኛ ሶዶ ቅርብ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ በጉበቱ ሕዋስ አስኳል ውስጥ ቫይረሱ የፈጠረው ክምችት ይገኛል፤ ቫይረሱን ለይቶ የሚያሳውቀው ግን የፒሲአር ምርመራ ነው። መድኃኒት የለውም። የፈንግሉ ክትባት አይቋረጥ።