ስለ ከተማ ሠራተኛ መኖሪያ

ከከተማ ግብር ደመወዝ የሚቀበል ሠራተኛ በዚያችው ከተማ ይኑር የሚለው አሳብ በዓለም አዲስ አይደለም። በአሜሪካ በፊላደልፍያ ከተማ አንድ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ቤቱን ወደ ኒው ጀርሲ ስላዛወረ ከሥራው በተሰናበተ ጊዜ፣ የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1968 ዓ.ም. የከተማውን ደንብ አጽንቶታል።

ይህ አሳብ በባሕር ዳር፣ በግሽ አባይ ክፍለ ከተማ ቢነሣ ምክንያት አያጣም። የተደፈነውን ቦይና የጨለመውን መንገድ በዓይኑ እያየ የሚያድር ሠራተኛ የባለጉዳዩን አቤቱታ ሳይነገረው ያውቀዋልና።

ነገር ግን በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በ32ኛው አንቀጽ መኖሪያን የመምረጥን ነጻነት ለኢትዮጵያዊ ሁሉ ሰጥቷል። ደግሞም ደመወዙ ለቤት ኪራይ የማይበቃው ሰው ወደ መሸንቲ በኩል ቢርቅ፣ ኪራዩ ቢከብደው ነው እንጂ ከተማውን ጠልቶ አይደለም። ከተማን ሲያገለግል ውሎ በከተማው ማደሪያ ቢያጣ፣ የአባይን ልጅ ውኃ ጠማው የተባለው ደረሰበት ማለት ነው።

ስለዚህ የሠራተኛው ትጋት ይመርመር እንጂ የሚያድርበት ሥፍራ አይመርመር። በሌሊት የሚፈለጉት የእሳት አደጋና የውኃ ሠራተኞች ግን ቅርብ መሆን ይገባቸዋልና፣ አስተዳደሩ ከማዘዙ አስቀድሞ በደመወዛቸው የሚከራዩትን ቤት ያዘጋጅላቸው።