አልቤርጎ ለሚገዛ ሰው የጠበቃ ምክር



ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚጓዝ መንገደኛ ሰንበቴን ካለፈ በኋላ፣ ኮምቦልቻ ሳይደርስ የሚያገኛት ከሚሴ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። በአውራ ጎዳና ላይ የተቆረቆረች ስለሆነች እንግዳ በማሳደር የሚተዳደር ሰው አይታጣባትም። የመንግሥት ሠራተኛም ከደመወዙ ያጠራቀመውን ገንዘብ ለጡረታ ዘመኑ ብሎ አልቤርጎ ሊገዛበት ያስብ ይሆናል። ለዚህ ሰው ጠበቃ ምን ይሠራለታል?

አንደኛ፤ ቤቱንና መሬቱን ይለይለታል። የከተማ ቦታ በ1967 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የመንግሥት ሆኗል። ስለዚህ የሚገዛው ሕንፃው ነው፤ በመሬቱ ላይ የሚያገኘው የመጠቀም መብት ብቻ ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች ለመኖሪያ 99 ዓመት፣ ለንግድ 70 ዓመት ወስኗል። ነባር ይዞታም ከውርስ በቀር በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ወደ ሊዝ እንዲገባ አዝዟል። እንግዲህ ሻጩ የማያውቀው የሊዝ ክፍያ ገዢውን ሊጠብቀው ይችላል።

ሁለተኛ፤ ሰነዱን ይመረምራል። የባልና የሚስት የጋራ ቤት ያለ ሁለቱ ስምምነት አይሸጥም። ቤቱ የውርስ ከሆነ ሌሎች ወራሾች መኖራቸውን፣ በባንክ ዕዳ መያዙን፣ በፍርድ ቤት መታገዱን ያጣራል። የዞኑ የሥራ ቋንቋ ኦሮምኛ ስለሆነም፣ ቋንቋውን የማያውቅ ገዢ ሰነዱ በሚገባ ሳይተረጎምለት እንዳይፈርም ይመክራል።

ሦስተኛ፤ ውሉን ያዘጋጃል። በአገራችን በሽማግሌ ፊት የተሰጠ ቃል ታላቅ ክብር አለው። ይሁን እንጂ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 1723 የቤት ሽያጭ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በውል አዋዋይ ፊት እንዲደረግ ያዛል። የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት በ1999 ዓ.ም. በመዝገብ ቁጥር 21448 ይህን ያልጠበቀ ውል እንደማይጸና ወስኗል። በኋላ ደግሞ ሻጩ ሽያጩን ካልካደ ውሉ በዚህ ምክንያት ብቻ እንደማይፈርስ ተርጉሟል። ይኸውም እንዲህ ያለ ገዢ የዕድሜ ልክ ጥሪቱን በሻጩ ሐቀኝነት ላይ ጥሎ ይኖራል ማለት ነው። የቦታ ዋጋ በተወደደ ጊዜ ደግሞ ሐቀኝነት ይፈተናል።

ስለዚህ ጠበቃን ማማከር ቀብድ ከመክፈል በፊት ይሁን። ከቀብድ በኋላ የተጠራ ጠበቃ የሚከራከር እንጂ የሚመክር አይሆንምና።